የቆመችውን ዲቲ አትግፋት፣ አትክፈታትም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ሰላም ጋሼ። አባቴ ግብርና ቢሮ ሲሠራ አርባ ምንጭ ላይ ይነዳት የነበረች ያማሃ ዲቲ 125 አለችን። ከ12 ዓመት በላይ ቆማለች። አሁን እኔ የምኖርበት ደብረ ብርሃን አምጥቻታለሁ። አንዱ መካኒክ ‹ካንዴላ ቀይር፣ ቤንዚን ጨምር፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን እንግፋት፣ ትነሳለች› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ሞተሩ ይውረድና ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ፋሻውም (የፒስቶኑ ቀለበቶች) ኩሽኔታውም ይቀየር› ይላል። የማንን ልስማ? ራሴስ ቤት ውስጥ ምን ያህሉን መሥራት እችላለሁ? ቀለሟስ ይታደስ?»

ወንድሜ፣ የሁለቱንም አትስማ።

የመጀመሪያው ምክር ለአራት ምት ሞተር ቢሆን ኖሮ ግማሽ ይቅር እለው ነበር። ዲቲ ግን ሁለት ምት ናት። ሁለት ምት ሞተር ከኮሎው (ከሚዞረው ዋና ዘንግ) በታች የሚጠራቀም ዘይት የለውም። ኮሎውን፣ ቢዬላውን (ኮሎውን ከፒስቶኑ የሚያያይዘውን ክንድ) እና ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ያማሃ ለዚህ ብሎ ለብቻው የዘይት ታንክና አንዲት ትንሽ ፓምፕ ሠርቷል፤ ኦቶሉብ ይለዋል። 12 ዓመት ከቆመች በኋላ በዚያች ቀጭን የዘይት ቱቦ ውስጥ ያለው ወይ አየር ነው ወይ የረጋ ሙጫ። ገፍተህ ብታስነሳት ሞተሩ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር በደረቁ ይዞራል። ፒስቶኑ ላይ ያለችው የቀድሞ ዘይት ጭላጭ የምታቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ይነክሳል፤ ማለትም ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። የቆሙ ሁለት ምት ሞተሮች አብዛኞቹ የሚሞቱት በቆሙባቸው ዓመታት አይደለም። በተነሱባት ዕለት ነው።

የሁለተኛው መካኒክ ምክር ጥንቃቄ ይመስላል። ግን አላስፈላጊ ጣጣ ነው። የታችኛውን ክፍል ለሁለት ለመክፈል መንቀያ፣ ፕሬስና ልምድ ይፈልጋል። ውስጡ ያለው ኩሽኔታ የጃፓን ከሆነና ካልዛገ፣ ዛሬ ገበያ ላይ በስሙ ከሚሸጥልህ ብዙው ይሻላል። ጤነኛ ዕቃ አውጥቶ አጠራጣሪ ዕቃ ማስገባት ጥገና አይባልም። ጓርኒሲዮኑም (በክፍሎቹ መጋጠሚያ ያለው መዝጊያ) አንዴ ከተነካ ይቀየራል፤ ለዲቲ ደግሞ በልኩ የተቆረጠ ጓርኒሲዮን በየሱቁ የለም።

እኔ የምልህ መጀመሪያ ለካት ነው። ሳትከፍት የውስጡን ጤንነት የምታውቅባቸው መንገዶች አሉ። ሁሉንም ቤትህ ግቢ ውስጥ ትሠራቸዋለህ።

ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬውን አውጣና የሻንሲ ቁጥሩን ከመሪው አንገት ላይ ከተመታው ጋር አመሳስል። የመሥሪያ ቤት ወይም የድርጅት የነበሩ ሞተር ሳይክሎች ላይ የስም ዝውውርና የቀረጥ ጉዳይ ሳይጠናቀቅ የቀረ ይኖራል። ለዕቃ ብር ከማውጣትህ በፊት ይህን ጨርስ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ካንዴላውን አውጣ። በቀዳዳው ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ የሁለት ምት ዘይት አንጠባጥብ፤ ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ኪኩን በእግርህ አትርገጥ። አራተኛ ማርሽ አስገባና የኋላ ጎማውን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። ፒስቶኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ይሰማሃል። ከዞረ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። አልዞር ካለ አትታገለው። ናፍጣና ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅለህ ጨምርና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቅ፤ ከዚያ እንደገና በጎማው ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርገው። ጉልበት ያለው ሰው ኪኩ ላይ ሲዘል የሚሰበረው የኪኩ ማርሽ ነው፤ የተጣበቀው ፒስቶን ግን እዚያው ይቀራል። ሳምንት ጠብቀህም ካልተላቀቀ ያኔ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) እና ሲሊንደሩ ይውጣ። ይህ ታችኛውን ክፍል መክፈት አይደለም፣ አትደንግጥ።

ከዞረ ወደ ዋናው ምርመራ እንሂድ። ብዙ ጋራዥ አይሠራውም፤ ለሁለት ምት ግን ከእሱ የሚበልጥ ምርመራ አላውቅም። ሁለት ምት ሞተር የሚተነፍሰው በታችኛው ክፍሉ ነው። የአየርና የቤንዚን ድብልቁ መጀመሪያ ኮሎው ያለበት ክፍል ይገባል፤ ፒስቶኑ ሲወርድ ይታመቅና ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ያ ክፍል አየር ማስገባት የለበትም። ከግራና ከቀኝ የሚዘጋው በሁለት ኦይል ሲሎች ነው። ጎማ ናቸው። ጎማ ሲቆም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በማግኔቱ (እሳት በሚያመነጨው ክፍል) በኩል ያለው የግራው ሲል ካፈሰሰ ሞተሩ ያልተለካ አየር ይስባል። ድብልቁ ይሳሳል (አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል)፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳትሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ዝም ብሎ ይወጣል፣ ፒስቶኑ ይግላል፣ ይነክሳል። በፍሪሲዮን (ክላች) በኩል ያለው የቀኙ ካፈሰሰ ደግሞ የማርሽ ዘይት ይስባል። ነጭ ጭስ አይቋረጥም፣ ካንዴላው ዘይት ይጠጣል፣ የማርሹ ዘይት ያለምንም ፍሳሽ ይጎድላል። «ፋሻ ጨርሷል» ተብለው ከሚከፈቱት ሞተሮች ውስጥ ጥፋቱ ይሄው የቀኙ ሲል ብቻ የሆነባቸው አሉ።

እንዴት ይለካል? ፋርማሲ የሚሸጠው፣ በእጅ የሚጨመቀው የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል። ባለ መርፌው ማለቴ ነው፣ በባትሪ የሚሠራው አይሆንም። የመለኪያው ጫፍ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ይህ ከ0.4 ባር ጋር እኩል ነው፤ ለሁለት ምት ሞተር የሚፈለገው ግፊት ደግሞ በትክክል እዚህ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ብታስገባ ሲሉን ራሱን ታስወጣዋለህ። ስለዚህ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ይዘህ እንዳትቀርብ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አውርድ። የማርሚታውን ቀዳዳ ከአሮጌ ከመነዳሪ በቆረጥከው ጎማ ሸፍነህ በላዩ ወፍራም ላሜራ አድርግና በራሱ ብሎኖች እሰረው። ካርቡሬተሩ የሚገባበትን የጎማ አንገት ልኩ በሆነ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ድፈነውና በራሱ ማሰሪያ አጥብቀው። ከዘይት ፓምፑ የምትመጣውን ቀጭን ቱቦም አትርሳት፤ እሷንም ድፈናት። ከዚያ አሮጌ ካንዴላ ፈልግና ነጩን ሸክላ ሰብረህ አውጣ። በባዶው የብረት አካል ውስጥ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አስገብተህ በሁለት ቅልቅል ማጣበቂያ ድፈነው። ሲደርቅ ሞተሩ ላይ እሰረው። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ አውጣና ሰዓቱንና ፓምፑን በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ከዚያች ቱቦ ጋር አገናኝ። ፒስቶኑን ወደ ታች ጫፍ አውርደው፤ ያኔ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ይገናኛሉ። አሁን እስከ 250 ንፋ። ሰዓትህን ያዝ።

መርፌው በደቂቃ ከ50 በላይ ካልወረደ ሲሎቹ ጤነኛ ናቸው። መክፈት የለም። ወዲያው ወደ ዜሮ ከወረደ ደግሞ አትደናገጥ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ራስህ የደፈንከው ቦታ ነው። የሳሙና ውሃ አዘጋጅና በብሩሽ ቀባ። መጀመሪያ ድፍኖችህን፣ ቀጥሎ የሲሊንደሩን ሥርና ቴስታታውን፣ ከዚያ የካርቡሬተሩን የጎማ አንገት። ያ አንገት ከውጭ ደህና መስሎ በታችኛው ጎኑ የተሰነጠቀ ይሆናል፤ አጠፍ አድርገህ እየው። ሁሉም ደህና ሆኖ መርፌው አሁንም ከወረደ የግራውን ክዳን ክፈትና ማግኔቱ ሥር ሳሙና አንጠባጥብ። አረፋ ካወጣ ተገኘ። በመጨረሻ የማርሽ ዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና ጆሮህን አስጠጋ። ሲተነፍስ ከሰማህ የቀኙ ነው።

የግራው ሲል ሞተሩ ሳይከፈል ከውጭ ይቀየራል። ማግኔቱ ግን በመንቀያ ይውጣ እንጂ በመዶሻ አይደለም። በመዶሻ የተመታ ማግኔት ይሰነጠቃል፤ የኮሎው ጫፍም ይጣመማል። የቀኙን ለመቀየር የፍሪሲዮኑ ክዳንና ማርሹ መውጣት ስላለበት ለለመደ ሰው ስጠው። ሲል ስትገዛ በሞዴል ስም አትጠይቅ። ሲሉ ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች ይዘህ ሂድ፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። «የዲቲ» ብለህ ብትጠይቅ የለም ትባላለህ። በቁጥሩ ግን የኩሽኔታ ሱቆች ሊኖራቸው ይችላል። አዲስ አበባ ስትወርድ ሶማሌ ተራም ጎራ በል። ቤንዚንና ሙቀት የሚችል ጎማ መሆኑን ጠይቅ እንጂ ርካሹን አትምረጥ።

አንድ ነገር በመሃል ልበልህ። የጃፓን ሞተር ላይ ያሉት የመስቀል ቪቴዎች ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጋር አይገጥሙም። ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። የጃፓኑ መስቀል ግን ጠለቅና ቀጥ ያለ ነው፤ የእኛ ካቻቢቴ ጫፉ ሳይደርስ ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። የክዳኖቹ ቪቴዎች ሁሉ የተበሉት ለዚህ ነው። ለጃፓን ቪቴ የተሠራ ካቻቢቴ ካላገኘህ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ ግዛ። ያወጣኸውን ቪቴ መልሰህ አታስገባው፤ በ6 ሚሊ ባለ አለን ራስ ብሎን ተካው።

ወደ ኮምፕረሽን (ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ወደሚፈጥረው ግፊት) እንምጣ። መለኪያ ያለው ሰው ፈልገህ ብታስለካ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር እወቅ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መጻሕፍት ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። ባሕር ወለል ላይ 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር አንተ ጋ 85 አካባቢ ያሳያል። መካኒኩ 85 አይቶ «አልቋል፣ ሬቲፊካ ይግባ» (ሲሊንደሩ ተፍቆ ይስተካከል) ቢልህ አትስማው። ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተህ ነው የሚለካው፤ ተዘግቶ ከተለካ ደግሞ የባሰ ዝቅ ይላል።

እሳቱን እንይ። የቀደሙት ዲቲዎች እሳቱን የሚቆጣጠር ፑንቲና አላቸው፤ የኋለኞቹ ሲዲአይ (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ) ናቸው። ማግኔቱ ላይ ባለው መስኮት ስታይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ምላሶች ሲከፈቱና ሲዘጉ ካየህ ፑንቲና ነው። ሲቆም ፊቱ ላይ የማይታይ ዝገት ይሠራል፤ እሳት ይቆማል። ጠንከር ያለ ንጹሕ ወረቀት በአልኮል ነክረህ በመካከላቸው እየጎተትክ አጥራ። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻ ምርጫህ ይሁን። ሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን።

እሳት ጨርሶ ከሌለ ኮይል ከመግዛትህ በፊት ከሞተሩ የሚወጡትን ገመዶች ተከተል። ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት አንድ ገመድ አለ። እሱ የማጥፊያው ነው። ከሻንሲው ጋር ሲነካ ሞተሩ ይጠፋል። ከመገጣጠሚያው ንቀለውና እንደገና ሞክር። እሳት ከመጣ ጥፋቱ የዛገው ቁልፍ ወይም ማኑብሪዮው ላይ ያለው ማጥፊያ ነው። ኮይሉ ጤነኛ ነው። ለዓመታት ውጭ በቆመች ሞተር ሳይክል ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። የካንዴላውን ኮፍያም ከገመዱ ፈትተህ አውጣ። የገመዱን ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ቆርጠህ አዲስ መዳብ ላይ መልሰህ አጥብቀው። እሳቱን ስትሞክር ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቀህ ብረት ላይ አስነካው። ከቀዳዳው የቤንዚን ትነት ይወጣልና።

ታንኩን ወይም እኛ ሳልባትዮ የምንለውን አውርደህ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ተመልከት። አሮጌው ቤንዚን የቫርኒሽ ሽታ ይኖረዋል። አፍስሰው፣ ወደ ካርቡሬተሩ አትላከው። ውስጡ ቀይ ዝገት ከሆነ ሩቢኔቱን አውጣና ቀዳዳውን ድፈን። ታንኩን በአቼቶ ሙላው። አንድ ሁለት ቀን ይቀመጥ። ቁራጭ ካቴና ውስጥ አስገብተህ ብትነቀንቀው ዝገቱ ይላቀቃል። ጠጠር የሚጠቀሙ አሉ። ጠጠር ግን ሁሉም አይወጣም፤ አንዷ ቀርታ በኋላ ሩቢኔቱ ላይ ትቀመጣለች። አቼቶውን ካፈሰስክ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ እጠበው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቅና ጥቂት ቤንዚን ከሁለት ምት ዘይት ጋር አድርገህ ውስጡን አዳርሰው። ይህችን ካለፍካት ማታ ያጸዳኸው ታንክ ጠዋት እንደገና ቀይ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ካርቡሬተሩ ሚኩኒ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ በቻይና አዲስ አትቀይረው። ፈታተህ በካርቡሬተር ማጽጃ እጠበው። ዋናው ችግር ያለው በትንሿ የሚኒሞ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ነሐስ) ላይ ነው። ቀዳዳዋ ከፀጉር ብዙም አትወፍርም። ወደ ብርሃን አቅንተህ በአንድ ዓይንህ ስታይባት ክብ ነጥብ ካልታየህ ተደፍናለች። በመርፌ አትውጋት፤ ነሐስ ስለሆነች ቀዳዳዋ ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሚኒሞ አይይዝም። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የምትወጣውን አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ተጠቀም። የመርፌ ቫልቩን ጫፍ በጥፍርህ ዳስሰው። ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ከሠራ ቤንዚን አይዘጋም፤ ይቀየር።

የአየር ማጣሪያውን ክፈት። ያማሃ ስፖንጅ ነው የሚጠቀመው። 12 ዓመት የቆየ ስፖንጅ ሲነካ ይፈረካከሳል፤ የተፈረካከሰውን ደግሞ ሞተሩ ይስበዋል። አውጥተህ ጣለውና ሳጥኑን እጠብ። የአይጥ ጎጆም ልታገኝ ትችላለህ። አዲሱ ስፖንጅ ቤንዚን የሚችል መሆን አለበት፣ የፍራሽ ስፖንጅ ይሟሟል። ያለ ማጣሪያ «ለሙከራ ያህል» እንዳትነዳት። አቧራው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ አየሩ ሲበዛ ድብልቁ ይሳሳል።

አሁን ዘይቱ። የዘይት ታንኩን አራግፈህ እጠብ። ቱቦዎቹ ከጠነከሩ ቀይር። የሁለት ምት ዘይት ስትገዛ ጄኤኤስኦ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ምልክት ፈልግ። የመኪና ሞተር ዘይት ሁለት ምት ውስጥ አይገባም። በውስጡ ያሉት ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ፣ ካንዴላውን ያገናኙታል፣ ማርሚታውን ይደፍኑታል። ታንኩን ከሞላህ በኋላ ፓምፑ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ቪቴ ፍታ። ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪወጣ ጠብቅና እሰራት።

ያም ሆኖ ፓምፑን ገና አትመነው። የመጀመሪያውን ታንክ ቤንዚን ራስህ ቀላቅል። በአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር ዘይት። ፋርማሲ ባለው መርፌ መለካት ትችላለህ። ፓምፑም እየሠራ ከሆነ ዘይቱ እጥፍ ይሆናል፣ ታጨሳለች። ታጭስ። የዘይት ታንኩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። አንድ ታንክ ቤንዚን ስትጨርስ ዘይቱ ከምልክቱ ከወረደ ፓምፑ እየጠጣ ነው፤ ያኔ ንጹሕ ቤንዚን መሙላት ትችላለህ። ካልወረደ ግን መቀላቀልህን ቀጥል። ብዙዎች ፓምፑን ነቅለው ዕድሜ ልካቸውን በድብልቅ ይነዳሉ። እኔ አልወደውም፣ ግን ሞተር አይገድልም።

አርባ ምንጭና ደብረ ብርሃን። ይህን ጥያቄህ ውስጥ ባትጽፍልኝ ኖሮ ሌላ መልስ እሰጥህ ነበር። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። አንተ ጋ ያለው አየር ከዚያ በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደድሮው ይሰጣል። ስለዚህ ትታፈናለች፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ጉልበት ታጣለች። መፍትሔው ቀላል ነው። የካርቡሬተሩን ክዳን ክፈትና ረጅሟን መርፌ አውጣ። አናቷ ላይ አምስት ያህል ጭረቶችና አንዲት ክሊፕ አሉ። ክሊፗን አንድ ጭረት ወደ ላይ ውሰዳት። መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ድብልቁ ይሳሳል። ይህ ካልበቃ ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ዝቅ አድርገው። ካንዴላው የቡና ቀለም ሲይዝ እዚያው አቁም።

ነገር ግን የድሮውን ጂግለር አትጣለው። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ወርደህ፣ ደብረ ሲናን አልፈህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከፍታው እንደ አርባ ምንጭ ይሆናል። በአንድ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። ለደብረ ብርሃን ያሳሳኸው ድብልቅ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ በጣም የሳሳ ይሆናል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ፒስቶን ይበሳል። ወደዚያ ለመሄድ ካሰብክ ክሊፗን ወደ ቦታዋ መልሳት። ጥቂት ታፍና ብትነዳት ይሻላል።

ቁልቁለቱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን የሚሠራ ሁለት ምት ሞተር ዘይት የሚያገኘው ጋዝ ስትሰጠው ብቻ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ጋዙን ዘግተህ በማርሽ ብቻ ይዘሃት ብትወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት አያገኝም። በየመሃሉ ፍሪሲዮኑን ይዘህ ጋዝ ሰጥ አድርግላት። አባትህ ይህን ያውቁት ነበር፤ የዚያ ዘመን ነጂዎች ሁሉ ያውቁታል።

ፍሬኑ የታምቡር ነው፣ በሁለቱም ጎማ። ክፈተውና ሸራው ከብረቱ እንዳልተላቀቀ እይ። በእጅህ ሲላቀቅ ያየሁት አለ። ትቢያውን አትንፋው፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ጎማው ላይ አራት አኀዝ ያለበት ሞላላ ምልክት ፈልግ። 1608 ካለ በ2008 በ16ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አይደለም፣ በፈረንጆቹ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሮጌ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይዝም። ይቀየር፣ ከመነዳሪውም ጭምር። የጋዙን ገመድ ከነጫፉ መርምር። አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ጋዙ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። የማርሹን ዘይት አፍስሰህ አዲስ አድርግ። ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው የሚወስደው።

ማርሚታውን ባወረድክበት አጋጣሚ ጫፉን አውጥተህ የተጋገረውን ካርቦን አጽዳ። ኮስቲክ ሶዳ ለብረቱ ማርሚታ ይሠራል። ሲሊንደሩንና ቴስታታውን ግን እንዳይነካ። አሉሚኒየም ይበላል። ጓንትና መነጽር አድርግ።

ስትነሳ ቾኩን ሳብ፣ ጋዝ አትስጥ፣ ኪኩን በሙሉ እግርህ ርገጥ። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ብርዱ ስለሚከብድ እኩለ ቀን ላይ ሞክር። ከተነሳች ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ትሥራ። አጥፋት፣ ትቀዝቅዝ። ጋዙን ለቀህ እያለ ሞተሩ እየጮኸ ከወጣ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ማጥፊያውን ጫን። እምቢ ካለ ትልቁን ማርሽ አስገባና የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን አጥብቀህ ይዘህ ፍሪሲዮኑን ልቀቀው። ፈርተህ ጥለሃት አትሂድ፣ ሞተሯን ትሰብራለች። ክላቹ አልላቀቅ ካለ፣ ማለትም ፍሪሲዮን ይዘህም ማርሽ ስታስገባ የምትዘል ከሆነ፣ ሸራዎቹ ተጣብቀዋል። ሞተሩ ሞቆ ጠፍቶ ሳለ ሦስተኛ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝና ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቃት። ይላቀቃል።

ስለ ቀለሙ ጠይቀኸኛል። አትቀባት። ቢያንስ አንድ ክረምት እስክትነዳት ድረስ አትንካው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ታንኩን ደጋግመህ ታወርዳለህ፣ ቤንዚን ይፈስበታል፣ አዲስ ቀለም አይችለውም። የመጀመሪያው ቀለምና የታንኩ ላይ ጽሑፍ ካለ ደግሞ እሱን የሚተካ የለም። በለስላሳ ሳሙና እጠባት፣ የታጠፈውን ፓራፋንጎ አቅና፣ የዛጉትን ቦታዎች በዘይት ጨርቅ ጥረግ። የግፊት መለኪያውን ውጤትና የካንዴላውን ፎቶ ላክልኝ፤ ጂግለሩን ከዚያ እንነጋገራለን።